ባዶ ቧንቧ

ውሃ የሚመጣበትን ድምፅ እንቅልፍ ላይ ሆኜም አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ቧንቧው ያስነጥሳል። ቀጥሎ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አየር ይተፋል፣ ዝም ይላል። ደግሞ ያስነጥሳል። ሌሊት ስምንት ሰዓትም ቢሆን እነሳለሁ። ከታች ካለው ቤት የባልዲ ኮሽታ ይሰማል። ከላይ አንዱ ጀሪካን ይጎትታል። ብሎካችን በሙሉ በጨለማ ተነስቶ ውሃ ይቀዳል። ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግን ስለ ሌሊቱ የሚያወራ የለም፤ የሚያሳብቅብን ያበጠ ዓይናችን ብቻ ነው።

እማዬ በዚህ ጉዳይ አንድ ሕግ ነበራት። "የመጀመሪያውን ድፋው።" ልጅ ሆኜ ይህ ሕግ ያናድደኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ደጅ ደጁን ስናይለት የከረምነው ውሃ ገና ከመምጣቱ ወደ ሽንት ቤት! ያውም ሁለት ባልዲ! "ቀለሙን አይተኸዋል?" ትለኛለች። አይቼዋለሁ፤ የዛገ ነው። "ሲጠራስ?" እላታለሁ። "ሲጠራም ትንሽ ድፋ" ትላለች። ምክንያቱን አትነግረኝም። ምክንያቱን እሷም የምታውቀው አይመስለኝም ነበር። እጇ ግን ያውቅ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ሁለት ነገር አስፈልጎኛል። አንደኛው የትምህርት ቤት ጉብኝት ነው። ሁለተኛው የልጄ ሕመም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ለገዳዲ ወሰዱን። ለገዳዲ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ያለው ግድብ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ነው፤ ከማጣሪያ ጣቢያው ጋር። በ1991 ዓ.ም. ግድም ጎረቤቱ ድሬ ግድብ ተጨምሮለታል፤ የድሬም ውሃ ለመጣራት እዚያው ለገዳዲ ይመጣል። ከከተማው በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ ደግሞ የሁለቱም ታላቅ የሆነው ገፈርሳ አለ። ከደቡብ የአቃቂ ጉድጓዶች አሉ። አዲስ አበባ የምትጠጣው በዋናነት ከእነዚህ ነው። እኛ ግን በዚያ ቀን ያስጨነቀን ነገር ምሳችን ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ገና ሾላ ሳንደርስ በልተን ጨረስነው።

የግድቡን ውሃ ሳይ የተሰማኝን አልረሳውም። ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ወቅቱ ክረምት ስለነበረ ከተራቆተው መሬት አፈሩን አጥቦ የገባው ጎርፍ ነው። ያስጎበኙን ሠራተኛ አንድ ብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን አነሱትና "ይህን ብታሳድሩት የሚጠራ ይመስላችኋል?" ብለው ጠየቁን። ሁላችንም "አዎ!" አልን። አያቴ የምንጭ ውሃ በእንስራ አሳድራ፣ ዝቃጩ ታች ሲቀር ላዩን ቀስ ብላ ስትገለብጥ አይቻለሁ። ሰውየው ሳቁ። "ሳምንት አስቀምጡት፤ አይጠራም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አሸዋ ቢሆን ወዲያው ይሰፍራል። ይህ አፈር ግን ከመላሙ የተነሳ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። እያንዳንዷ ቅንጣት ደግሞ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላት ሌላዋን ትገፋለች። እንደተገፋፉ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ይኖራሉ። ስለዚህ አሉሚኒየም ሰልፌት የሚባል ጨው ይጨመራል። ጨው ስንል ወጥ ውስጥ የምንጨምረው አይደለም። ይኼኛው መገፋፋቱን ያበርዳል፤ ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ፣ ይወፍራሉ፣ ይከብዳሉ፣ ይወርዳሉ። አሬራ እሳት ላይ ሲሞቅ አይቡ ለብቻው ተሰብስቦ አጓቱ ለብቻው ሲለይ ያየ ሰው ለገዳዲን ያየ ያህል ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ላብራቶሪው ነበር። ስድስት ብርጭቆ በረድፍ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ውስጥ ትንሽ መቅዘፊያ ቀስ ብሎ ይዞራል። በስድስቱም ያለው ያው የዕለቱ የግድብ ውሃ ነው፤ የጨው መጠኑ ግን ይለያያል። አንዱ አንሶት ደፍርሶ ቀርቷል። አንዱ በዝቶበት ሌላ ጣጣ አምጥቷል። መካከል ላይ አንዱ እንደ መስታወት ጠርቷል። ለዚያ ቀን የሚበቃው ልክ እሱ ነው። ነገ ዝናብ ከጣለ እንደገና ይሞከራል። እኔ ማጣሪያ ሲባል አንድ ትልቅ ወንፊት ነበር የሚታየኝ። ለካ አንድ ሰው በየቀኑ ውሃውን "ዛሬስ እንዴት አደርክ?" ብሎ ይጠይቀዋል።

የቀረው በትንሹ ይኸው ነው። ውሃው በሰፊ ገንዳ እያዘገመ ዝቃጩን ይጥላል። ከዚያ በወፍራም አሸዋ ውስጥ ያልፋል። አሸዋው ሲታፈን ከታች ወደ ላይ ውሃ ተለቆበት ይታጠባል። በመጨረሻ ክሎሪን። አንዱ ልጅ "ክሎሪን ሁሉንም ከገደለ ያ ሁሉ ልፋት ለምን?" ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ አስተማሪያችን እንኳ ቀና አሉ። መልሱ ሁለት ነው። ክሎሪን ድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ አቅሙን ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ይጨርሳል፤ ጀርሙ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ይሸሸጋል። እንደ ጃርዲያ ያሉት ደግሞ ቅርፊት ስላላቸው በውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን እምብዛም አይበግራቸውም። እነሱን የሚይዘው አሸዋው ነው።

ሠራተኛው ከዚያ ያሉት ነገር እስከዛሬ አብሮኝ አለ። "ክሎሪኑ የሚጨመረው እዚህ ያለውን ለመግደል ብቻ አይደለም፤ ለመንገዱም ነው። ስንቁ ነው።"

ስንቅ። ውሃው ከዚያ ተነስቶ እኛ ቤት እስኪደርስ ረጅም መንገድ አለበት። በየመንገዱ ትንሽ ትንሽ ስንቁን ይበላል፤ የዛገ ቧንቧ ሲነካ፣ ዝቃጭ ሲያገኝ፣ ሙቀት ሲበዛበት። ቧንቧችን ላይ ሲደርስ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ያህል ቢቀርለት ጥሩ ነው ይባላል። ግማሽ ሚሊግራም ምን ያህል እንደሆነ አንድ ቀን አስልቼ ነበር። ሁለት የጤፍ ፍሬ አይመዝንም። በአንድ ሊትር ውስጥ ሁለት የማትሞላ የጤፍ ፍሬ ናት የምትጠብቀን።

ስለዚህ "ውሃው በረኪና በረኪና ይላል" ብሎ የሚያማርር ሰው ሲገጥመኝ እከራከራለሁ። (ባለቤቴን በዚህ ጉዳይ ሰልችቻታለሁ።) ልክ ሲያልፍ አይወደድም፣ እሺ። ነገር ግን ትንሽ ከሸተተ ስንቁ አላለቀም ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ምንም የማይሸተው ነው። በ2008 ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ ሰው ሁሉ ይህ ገብቶት ነበር። ውሃ አጋር የሚባለው የክሎሪን ጠርሙስ በየቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ ነበር። በክዳኑ እየለካን ጀሪካን ውስጥ እንጨምራለን፣ ሰዓት እናያለን፣ ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን። በሽታው ሲያልፍ ጠርሙሱም ከመስኮቱ ጠፋ።

እንግዲህ ለገዳዲን አይቼ ስመለስ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ውሃ ይቆሽሻል፣ ይታጠባል፣ ይላካል። የተሳሳትኩት "ይላካል" የምትለዋ ላይ ነው። ያንን ለማወቅ አሥራ ምናምን ዓመት ፈጀብኝ።

ትንሿ ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ ታመመች። ሆዷን ትላለች፣ ያስቀምጣታል፣ ይተዋታል፣ ይመለስባታል። ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ "ጃርዲያ ነው፤ የምትጠጣው ውሃ ከየት ነው?" አለኝ። "ከቧንቧ" አልኩት። በንዴት ተሞልቼ ወጣሁ። ሰሞኑን ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው። ደረጃችን ላይ ለሚኖሩት ጋሼ ያለ የሌለ ምሬቴን ዘረገፍኩላቸው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ቧንቧ ሲዘረጉና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ቧንቧ ሁልጊዜ ያፈስሳል ልጄ" አሉኝ። "የማያፈስ ቧንቧ አላየሁም። ጥያቄው ወደ የት ነው የሚያፈሰው ነው።"

"እንዴት ወደ የት?"

"ሲሞላ ወደ ውጭ። ሲጎድል ወደ ውስጥ።"

ደረጃው ላይ ተቀምጠው አስረዱኝ። ቧንቧ ሲሞላና ውሃው በኃይል ሲገፋ፣ ስንጥቅ ቢኖርበት ውሃው ይወጣል እንጂ የውጭው አይገባም። ግፊቱ ራሱ ዘበኛ ነው። ውሃ ሲቋረጥስ? ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው መስመር ቁልቁል ይፈስሳል። ከኋላው የሚተካ ውሃ ስለሌለ ቧንቧው አየር ይስባል። አየር ካጣ በዙሪያው ያገኘውን ይስባል። በስንጥቁ ዙሪያ ያለው ደግሞ እርጥብ አፈር ነው። አንዳንዴ የቦይ ውሃ ነው። አንዳንዴ ከአጠገቡ ያለፈው የፍሳሽ መስመር ነው። አንዷ የቧንቧዋን ጎማ ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ ውስጥ ረስታው ከሆነ እሱንም ይስባል። ከዚያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ውሃ ይለቀቃል። የተጠራቀመው ሁሉ ዝገቱን ከግድግዳው እየላጠ ከፊት ሆኖ ይመጣል። መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው።

"የመጀመሪያውን ድፋው።" እማዬ!

በነገራችን ላይ የአዲስ አበባ ሰው ከቧንቧ ጋር ሲተዋወቅ መጀመሪያ የገረመው ይኸው ግፊት ነው። በ1880ዎቹ ምኒልክ በስዊዙ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ውሃ ሲያስመጡ፣ ከተራራው የወረደው ውሃ መልሶ የግቢውን ጉብታ ሽቅብ መውጣቱ ለተመልካቹ ተአምር ነበር። ዛሬ ሽቅብ መውጣቱ አይገርመንም። አራተኛ ፎቅ አልወጣም ሲል ነው የምንበሳጨው።

ከጋሼ ጋር ካወራን በኋላ ፈረቃን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ድሮ ፈረቃ የምቾት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ልብስ አይታጠብም፣ ገላ አይታጠብም፣ በቃ። አሁን ግን የጤና ጉዳይ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ምርጡ ማጣሪያ ቢኖረን ቧንቧው በሳምንት ሦስት ጊዜ ባዶ ከሆነ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከመሬቱ ጋር ይጠጣል። የአቃቂው ውሃ ደግሞ ከዝቅታ ሽቅብ በፓምፕ የሚገፋ ነው። መብራት ሲጠፋ ግፊቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መብራት ጠፋ ሲባል እኔ አሁን ከሻማ በፊት የሚታወሰኝ ቧንቧው ነው።

ዲናሞም አለ። መስመሩ ላይ በቀጥታ ዲናሞ ገጥሞ ውሃውን ወደ ራሱ የሚስብ ጎረቤት ሁላችሁም አታጡም። ውሃችንን ወሰደብን ብለን እንጣላለን። የከፋው ግን መውሰዱ አይደለም። ዲናሞው ሲስብ የሌላው ሰው መስመር ይጎድላል፤ የጎደለ መስመር ምን እንደሚያደርግ ጋሼ ነግረውናል። (እኔም ልገዛ ዋጋ ጠይቄ ነበር። ጋሼ ሲሰሙ ለሁለት ቀን ሰላምታ ነፈጉኝ።)

በዚያ ምሽት ጋሼ ሊነሱ ሲሉ እንዲህ አሉኝ፦ "ለመሆኑ ሮቶውን ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ?"

ሮቶው ከሦስት ጎረቤት ጋር ተዋጥተን የገዛነው ነው። ጣሪያ ላይ ተቀምጧል። ለአራት ቤት ስለማይበቃ ባልዲውና ጀሪካኑ አልቀረልንም እንጂ ዋናው የምንጠጣው ከእሱ ነበር። ከተገዛ አራት ዓመት ሆኖታል። አልከፈትኩትም። ማንም አልከፈተውም።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ክዳኑ ከፀሐዩ ብዛት በአንድ በኩል ተሰንጥቋል። ከፈትነው። ከታች ጣት የሚያህል ቡናማ ዝቃጭ ተኝቷል። ቅጠል አለ። የርግብ ላባ አለ። ከላባው ሌላ የርግቡ ነገርም አለ፣ ዝርዝሩ ይቅር። አንዱ ጎረቤቴ "ውይ" ብሎ ዝም አለ። ያ "ውይ" የአራታችንም ነበር።

ልጄን ያሳመማት እሱ ነው ብዬ መማል አልችልም። መዋዕለ ሕፃናትም ትውላለች፣ እጇንም አፏ ውስጥ ትከታለች። ነገር ግን ለአንድ ሳምንት ሙሉ ስሳደብ የከረምኩት ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ከለገዳዲ ተነስቶ፣ በስድስት ብርጭቆ ተመዝኖ፣ በአሸዋ አልፎ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ እኛ በራፍ የደረሰ ውሃ የመጨረሻዋን አሥር ሜትር ከርግብ ጋር ነው የኖረው። ሁለት ሦስት ቀን ሮቶ ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ የቀረችው ክሎሪን ታልቃለች። ሮቶ ማለት ስንቁን የጨረሰ ውሃ ማደሪያ ነው።

አጠብነው። ዝቃጩን በጆግ እየቀዳን አወጣን፣ በመጥረጊያ ፈተግነው፣ በረኪና በብዙ ውሃ በጥብጠን ግድግዳውን አሸነው፣ አቆየነው፣ ሁለቴ አለቀለቅነው። ክዳኑን ቀየርን። አየር መውጫው ላይ ወንፊት አሰርን። አሁን በየስድስት ወሩ ተራ አለን። ተራውን በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ በቤተሰብ ውስጥ "የሮቶ ሚኒስትር" ይሉኛል።

የልጆቹን መጠጥ ግን እስካሁን እናፈላለን። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለበዛ ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ለጀርሞቹ ይበቃል። እንደኛ ላለ ደጋ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ የሚባለው ለጥንቃቄ ነው። እኛ ቤት ሦስት ደቂቃ የሚለካው በሰዓት አይደለም፤ ባለቤቴ ስልክ አንስታ እህቷን "እንዴት ዋልሽ" ብላ እስክትጨርስ ነው። ሦስት ደቂቃ ሆኖ አያውቅም።

ማፍላት ግን ለሁሉም መድኃኒት አይደለም። አክስቴ ወንጂ ነው ያደገችው። ጥርሷ ቡናማ ነው። ልጅ ሆኜ አትፋቅም እል ነበር፤ ለካ ውሃው ነው። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም ይባላል፤ እዚያ አካባቢ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጥፍ ድርብ ያልፋሉ። መጠኑ ሲከፋ ከጥርስ አልፎ አጥንት ያጎብጣል። ውሃው ግን ኩልል ያለ ነው፤ ድፍርስ የለው፣ ሽታ የለው። ብታፈላው ደግሞ ይብሳል፤ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል። አክስቴ የእኛን የለገዳዲ ድፍርስ ስነግራት "እናንተስ ታዩታላችሁ" ትለኛለች።

ሐረርም ትዝ ትለኛለች። ለዓመታት ውሃዋን የምታገኘው ከዓለማያ ሐይቅ ነበር። የማጣሪያ ጣቢያው ዳርቻው ላይ ነበር። ለመስኖ ሲሳብ፣ ደለል ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። ማሽኑ ነበረ፣ ሠራተኛው ነበረ፣ የሚጣራ ውሃ አልነበረም። ኋላ ላይ ለሐረር ውሃ የተሳበው ከድሬዳዋ በኩል ከቆላ ጉድጓድ ነው፤ ተራራውን ሽቅብ እየተገፋ። ያን ሁሉ መንገድ ቧንቧው ባዶ እንዳይሆን ሲባል የሚፈጀውን መብራት አስቡት።

ትናንት ሌሊት ቧንቧው አስነጠሰ። ተነሳሁ። የመጀመሪያውን ባልዲ ለሽንት ቤት አደረግኩት፣ ሁለተኛውን ለመወልወያ። ሦስተኛው ጠራ። ጆግ አምጥቼ ስቀዳ ልጄ ዓይኗን እያሸች መጣች። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

"ውሃ መጣ አባዬ?"

"መጣ።"

ጆጉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ፊቷን አኮማተረች። "ኤጭ! በረኪና በረኪና ይላል።"

"እሰይ" አልኳት።